አባቱ በክንፍ የመጣ ባቄላ፦ ከዳባት አንድ የጉዳይ ጥናት

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ታህሳስ ላይ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ አክስቴ ደወሉ።

«ልጄ፣ ደህና አመሸህ?» አሉኝና ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ። እትዬ ሰላምታ ካሳጠሩ ነገር አለ ማለት ነው። «ባቄላዬን መለሱብኝ። ቀላቅለሽበታል አሉኝ። እኔን! በስተርጅና አጭበርባሪ ልባል?»

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። የሚኖሩት ዳባት ወረዳ ነው። ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ከዚያ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በእግር ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ። እኔ የተማርኩት ሰብል ማዳቀል ነው፤ የምሠራውም በጥራጥሬ ላይ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ውስጥ ዘር ነክ ጣጣ ሁሉ ወደ እኔ ይደወላል። ድንች ሲበሰብስም ይደወላል፤ እሱ እንኳን የእኔ ሥራ አይደለም።

ጉዳዩ ባጭሩ ይሄ ነው። እትዬ ከአምስት ክረምት በፊት ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ያህል) መሬት የሚሆን የባቄላ ምርጥ ዘር ገዙ። ፍሬው ትልቅ ነው። የአካባቢው ባቄላ አጠገቡ ሲቀመጥ አተር ይመስላል። ካመረቱት ላይ ለዘር እያስቀሩ በየዓመቱ ዘሩ። ሁለተኛው ዓመት አማረ። ሦስተኛው ላይ አንድ ገዢ ለዘር ብሎ ከገበያ ዋጋ በላይ ወሰደላቸው። አራተኛው ላይ «ትንሽ ተዘበራርቋል» አለና ዋጋ ቀነሰ። አምስተኛው ላይ ማዳበሪያውን ፈታ፣ እጁን ከተተ፣ አንድ ጭብጥ አውጥቶ አየና መልሶ አሰረው። የገዢውን ስም አልጠራም። ያየውን ነው የተናገረው፤ ችግሩ የሌባ ስም መለጠፉ ላይ ነው።

አሁን እትዬ እንዴት ዘር እንደሚመርጡ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩን ጉዳይ ያደረገው እሱ ነው። ከውቂያ በኋላ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዘው ይቀመጣሉ። ፍሬ በፍሬ ያያሉ። ነቀዝ የነካው ይወጣል፣ የተጨማደደው ይወጣል፣ ትንሹ ይወጣል። የሚቀረው የሰርግ ዶቃ ይመስላል። ይሄን በየዓመቱ ሳያሰልሱ አድርገዋል። ከእሳቸው በላይ የሚጠነቀቅ ገበሬ አላውቅም። ታዲያ በየዓመቱ ትልቅ ትልቁ እየተመረጠ የተዘራ ባቄላ እንዴት እያነሰ ይሄዳል?

እትዬ ራሳቸው ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ጨመሩልኝ። ልጃቸው ደምቢያ ነው ያገባችው፣ ወደ ጣና ወረድ ብሎ። እዚያ ጓሮዋ ነጭ ቦሎቄ ትዘራለች። አመራረጧ ከእናቷ የተማረችው ነው፤ ያው ሰፌድ፣ ያው ትልቅ ትልቁን መልቀም። «የእሷ ቦሎቄ ዘንድሮም ያው ነው፣ አምናም ያው ነው፣ አላነሰም አልበለጠም» አሉኝ። «የእኔ እጅ ነው እንዴ ርጉም?»

እጃቸው አይደለም። ግን ስልክ ላይ እንዲህ ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ማሳየት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ።

ሰፌዱ ላይ የታየው

የተመለሰውን ባቄላ ሰፌድ ላይ አፈሰስነው። ውጭ ብርድ ነው፣ ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤትም መጥቷል። የዳባት ጎረቤት እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አውድማውን ነበር። አውድማው የጋራ ነው፤ ዛሬ የአንዱ ይወቃል፣ ነገ የሌላው። ስንጥቅ ውስጥ የቀረ ፍሬ ይቀላቀላል። ማዳበሪያ ከጎረቤት መዋስም አለ። ካለፈው ዓመት ረግፎ በራሱ የሚበቅል ባቄላም አለ። ይህ ሁሉ እውነተኛ የመቀላቀል መንገድ ነው፤ ገዢውም ያሰበው ይህንን ነው።

ግን እንዲህ ያለ መቀላቀል አሻራ አለው። ትልቅ ባቄላና ትንሽ ባቄላ በእጅ ብትቀላቅሉ፣ ሰፌድ ላይ ሁለት ክምር ይወጣችኋል፦ ትልቅና ትንሽ። መሀሉ ባዶ ነው። የእትዬ ባቄላ እንዲህ አልነበረም። ትልቅ አለ፣ ትንሽ አለ፣ በመካከላቸው ደግሞ የሁሉም ልክ አለ። ከትንሹ ወደ ትልቁ እንደ ደረጃ ደርድረነው የት ላይ እንደምንቆርጠው ጠፋን። መልኩም እንደዚያው፤ አረንጓዴ የሚያደላው፣ ቡናማ የሚያደላው፣ መሀል የቆመው።

መሀል ያለ ነገር ከአውድማ አይመጣም። መሀል ያለ ነገር የሚወለድ ነው።

ይሄን ስናገር ከታች በኩል የሚያርሱት ጎረቤት ሳቅ አሉና «ዲቃላ ገብቷል ነው የምትለን?» አሉ። በአማርኛችን ማዳቀልም ዲቃላም ከአንድ ሥር ስለሆኑ ሙያዬን ባስረዳሁ ቁጥር ይህ ሳቅ አይቀርም። አዎ፣ ዲቃላ ገብቷል። ለማመን ግን ገና ነበርኩ፤ አንድ የሚያሳስት ነገር አለና።

ቦሎቄው ለምን ዝም አለ

የሚያሳስተው ነገር፣ የፍሬ መጠን መለያየት ሁሌ ከደም አይመጣም። ከአንድ ተክል የተለቀመ ፍሬ እንኳን እኩል አይደለም። ታችኛው እሸት ላይ ያለው ይወፍራል፣ ጫፍ ላይ ያለው ይቀጭጫል። ፍግ የነካው ጥግ ላይ የበቀለው ይበልጣል።

ይህን አንጥሮ ያወጣው ቪልሄልም ዮሃንሰን የሚባል የዴንማርክ ተመራማሪ ነው፤ ያውም በቦሎቄ። «ፕሪንሰስ» የምትባል የቦሎቄ ዝርያ ወስዶ 19 መስመር አወጣ። እያንዳንዱ መስመር ከአንዲት ፍሬ የተነሳ ነው። ፍሬዎቹን እየመዘነ መዘገበ። በአማካይ ትልቁ መስመር 642 ሚሊግራም፣ ትንሹ 351 ሚሊግራም መዘነ። እስከዚህ አይደንቅም። የሚደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። በአንድ መስመር ውስጥ ትልቁንና ትንሹን ፍሬ ለይቶ ለየብቻ ዘራ። ከትልቁ የተገኙት ልጆችና ከትንሹ የተገኙት ልጆች በአማካይ አንድ ዓይነት ሆኑ። ለተከታታይ ትውልድ ቢሞክር ለውጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1903 አሳተመው። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1909፣ ያ የማይለወጠው የውስጥ ነገር ስም ያስፈልገዋል ብሎ «ጂን» የምትለዋን ቃል አወጣ። ዛሬ ሁሉም ሰው አፍ ላይ ያለችው ቃል ቦሎቄ ሲመዝን የኖረ ሰው የሰጠን ናት።

የደምቢያዋ የአክስቴ ልጅም ሳታውቀው የዮሃንሰንን ሙከራ ስትደግም ነው የኖረችው። ቦሎቄ አበባው ከመከፈቱ በፊት ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ቤቱን ዘግቶ ይጨርሳል። የውጭ ብናኝ፣ ማለትም የሌላ አበባ የወንዴ ዱቄት፣ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ትልቁን መረጠች ትንሹን፣ ውስጡ ያው ነው። ምርጫዋ ከነቀዝና ከበሽታ ዘሯን አድኖላታል፤ ትልቅ ግን አላደረገላትም። አላበላሸባትምም።

ባቄላ ግን ሌላ ባህርይ አለው። በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚተወው። ከፊሉን ራሱ ያዳቅላል፣ ከፊሉን ከሌላ ይቀበላል። ምን ያህሉን? እንደ ዝርያው፣ እንደ አየሩና እንደ ንቡ ይለያያል። በተለያየ አገር የተለካው ከመቶ 4 እስከ 84 ይደርሳል፤ አማካዩ ሲሶ አካባቢ ነው። የአንድ ሰብል ጠባይ እንዲህ ሲሰፋ አዳቃዩ ራስ ምታት ይይዘዋል። እኔንም ይይዘኛል።

ንግግር ይብቃን ብለን ሙከራ ልናደርግ ተስማማን። እትዬ አንድ ጥግ መሬት ሰጡኝ፤ «ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ» ብለው።

አርባ መንትያ

ከተመለሰው ማዳበሪያ አርባ ፍሬ ለቀምን። መንትያ የሚመስሉ፣ ትላልቅ፣ ያማሩ። እትዬ ራሳቸው ናቸው የለቀሙት፣ ለዘር እንደሚለቅሙት አድርገው። ሰኔ ላይ አራርቀን ዘራናቸው። አጠገባቸው ለማነጻጸሪያ ከታሸገ አዲስ ምርጥ ዘር ሌላ አርባ። ህዳር ላይ የእያንዳንዱን ተክል ፍሬ ለየብቻ በወረቀት ከረጢት ሰበሰብን። ሰማንያ ከረጢት። እትዬ ቤት እንግዳ የገባ ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው?» ይል ነበር።

የአዲሱ ዘር ልጆች ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢሉም ቤተሰብ ናቸው። የመንትያዎቹ ከረጢቶች ሲፈቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንዱ ከረጢት ትልልቅ ብቻ። የሚቀጥለው መካከለኛ። የሚቀጥለው ያካባቢውን ባቄላ የሚመስል ቁጥርጥር ያለ። ልጆቹ የማይመሳሰሉ መንትዮች።

እትዬ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ «ስንለቅማቸው እኮ አንድ ነበሩ» አሉ።

አንድ ይመስሉ ነበር። ለማስረዳት ዶሮዋን ተጠቀምኩ። እንቁላል ቅርፊቱ ነጭ ይሁን ቡናማ የሚወስነው የእናቲቱ ዶሮ ናት። አውራ ዶሮው ማንም ይሁን ማን ቅርፊቱ ላይ አይታይም። አባቱ የሚታወቀው ጫጩቱ ሲፈለፈል ነው። ባቄላም እንዲያ ነው። ልጣጩ የእናቱ አካል ነው። ክኩ ነው የልጁ። የፍሬው መጠንም በአብዛኛው እናቱ ባበላችው ልክ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ከጎረቤት ብናኝ የተፀነሰ ፍሬ፣ ዘንድሮ ሰፌድ ላይ ሲታይ ቁርጥ እናቱን ነው። የሚያጋልጠው በሚቀጥለው ዓመት፣ እሱ ራሱ ተክል ሆኖ በራሱ ልጣጭ ፍሬ ሲያፈራ ነው።

የጉዳዩ እምብርት ለኔ ይሄ ነው። እትዬ አምስት ዓመት ሙሉ ሲመርጡ የኖሩት እናትን ነበር። አባትን የሚያዩበት ቀዳዳ አልነበራቸውም። ዓይናቸው አላነሰም፤ ሰፌድ ላይ ያልቀረበን ነገር ማንም አያይም። ገዢውም ሦስተኛው ዓመት ላይ «ምን የመሰለ ዘር» ብሎ ሲወስድ፣ ውስጡ ቀድሞ ተቀይሮ ነበር።

ንቡ የማን ነው

በአበባው ወራት፣ ነሐሴ ማለቂያና መስከረም መግቢያ ላይ፣ ሁለት ጠዋት ማሳው ዳር ተቀምጬ ነበር። የደጋ ባቄላ ሲያብብ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ነጭ አበባ፣ ክንፉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ሽታው ደግሞ ሰው ያቆማል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ንቡ ይመጣል። ታችኛው የአበባ ቅጠል ላይ ሲያርፍ በክብደቱ ይጫነዋል፤ አበባው ይከፈትና ብናኙ ሆዱ ላይ ይረጫል። ያንን ይዞ ወደ ሚቀጥለው። ሁሉም ጨዋ አይደለም። አንዳንዱ አበባውን ከሥሩ በተነደለ ቀዳዳ ማሩን መጥጦ ይሄዳል፣ ምንም ሳያዳቅል። አንዳንዱ አበባውን ትቶ ቅጠሉ ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ ይልሳል፤ እዚያም ጣፋጭ ፈሳሽ አለ።

ዙሪያውን አየሁ። የእትዬ ማሳ አንድ ቃዳ ናት። በታች፣ በቀኝና በላይ የአካባቢ ባቄላ ነው። በመካከል ያለው የአንድ ሰው መረማመጃ ድንበር ነው። የባቄላ ዘር ሲባዛ ከሌላ ባቄላ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር መራቅ አለበት ይባላል። ዳባት ላይ ማን እንዲህ ያለ ባዶ መሬት አለው?

«ንቡ ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩ።

እትዬ በአገጫቸው ወደ ቤቱ አመለከቱ። ሁለት ቀፎ። የራሳቸው ናቸው። በመስከረም ማራቸው ይኮራሉ።

እዚህ ላይ እኔም አንድ ስህተት ሠራሁ፤ መናገር አለብኝ። አዳቃዮች ባቄላን ንፁህ ለማቆየት በመረብ ቤት ይሸፍኑታል። እኔም ብልጥ መስሎኝ አጎበር አመጣሁ፣ የወባ። አምስት ስድስት ተክል ላይ ጣልኩት። «ይሄው፣ ንብ አይገባም» ብዬ ወደ ጎንደር ተመለስኩ። ጥቅምት ላይ እትዬ ደወሉ። አጎበሩ ሥር ያሉት ተክሎች ቅጠላቸው አምሮ እሸታቸው ግን የለም ማለት ይቻላል። «ንቧን ስታባርር ፍሬውም አብሯት ሄደ» አሉኝ። የማውቀው ነገር ነበር እኮ! ብዙ የባቄላ ዝርያ አበባው ካልተነቀነቀ በደንብ አያፈራም። በመረብ ቤት የሚሠሩ ሰዎች አበባውን በእጃቸው እየተጫኑ ይነቀንቁታል። እኔ ሸፍኜ ሄድኩ። አጎበሩንም ፍየል በላው፤ እሱን አላነሳውም።

ስለዚህ ጉዳዩ እንዲህ ተቋጠረ፦ ንብ ከሌለ ምርት የለም፣ ንብ ካለ ንፁህ ዘር የለም።

ስሌቱ

ጎረቤት ይሄን ያህል ያበላሻል ወይ ለሚል ሰው ትንሽ ስሌት። ቁጥሩ ለማሳያ ነው። ከፍሬው ሲሶው በንብ ተዳቀለ እንበል። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ብናኝ ከራስ ማሳ፣ ግማሹ ከጎረቤት መጣ እንበል። በአንድ ክረምት ከስድስት ፍሬ አንዱ የጎረቤት አባት አለው ማለት ነው። አባት ግማሽ ደም ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የማሳው ደም አንድ አሥራ ሁለተኛው ተቀየረ፤ ከመቶ 8 ገደማ። ማንም አያየውም። በአራተኛው ክረምት ግን እያደገ ከመቶ 29 ይደርሳል። እትዬ በአምስተኛው ላይ ነው የተመለሰባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይሄን ስሌት ስናወራ የታችኛው ጎረቤት ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «እኔስ የራሴ ባቄላ ዘንድሮ ለምን ወፈረ ብዬ ነበር» አሉ። ሁላችንም ዞረን አየናቸው። መንገዱ ሁለት አቅጣጫ ነዋ! የእትዬ ምርጥ ዘርም በዚያው ንብ ወደሳቸው ሲሄድ ከርሟል። አምስት ዓመት ሙሉ በነፃ። ደስ ያላቸው አልመሰለኝም፤ ለቆሎ ትንሹ ነው የሚጥመኝ ይላሉ።

ሳይንሱ የት ደረሰ

«ታዲያ እናንተ የተማራችሁት ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ትሠሩ ነበር?» እትዬ ናቸው የጠየቁኝ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥሎ በዓለም ብዙ ባቄላ ከሚያመርቱ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ሆለታ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የባቄላ ማሻሻል ሥራ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝርያ ሲያወጣ ቆይቷል። ሞቲና ገበልቾ የሚባሉት ትልልቅ ፍሬ ያላቸው ከዚያ የመጡ ናቸው። እዚሁ ጎንደርም የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ሥራው ግን ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ ምክንያት የባቄላ ተፈጥሮ ነው። ባቄላ ያለው ስድስት ጥንድ ክሮሞሶም (የዘር ፊደል የተጠቀለለበት ክር) ብቻ ነው። ያ ጥቂት ቢመስልም ውስጡ የታጨቀው የዘር ፊደል 13 ቢሊዮን ያህል ነው። የሰው 3 ቢሊዮን ነው። ከስድስቱ ትልቁ ክሮሞሶም ብቻውን የሰውን ጠቅላላ ያህላል። አብዛኛው ተደጋጋሚ ነገር ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ የተጻፈበት መጽሐፍ አስቡ። በዚህ ምክንያት የቦሎቄ ሙሉ የዘር ፊደል (ጂኖም) እ.ኤ.አ. በ2014 ሲነበብ፣ የባቄላው በደንብ ተነብቦ የወጣው በ2023 ነው።

አሁን ካርታው ስላለ ነገሩ ይፈጥናል። ለምሳሌ ባቄላ ውስጥ ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የአንድ ኢንዛይም እጥረት ያለባቸውን ሰዎች ደም የሚያሳንሱት እነሱ ናቸው። ይህን የሚያዝዘው ጂን በ2021 ታወቀ። ጉዳት የሌለው ባቄላ ማውጣት ይቻላል። ግን ያ ጥሩ ባህርይ የሚታየው ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ብቻ ነው። አጠገቡ ተራ ባቄላ ካለ፣ ንቧ አንድ ጊዜ ከዞረች፣ ልጁ ላይ ይጠፋል። ላብራቶሪ ውስጥ ስንት ዓመት የለፋንበት ነገር እትዬ ድንበር ላይ ይቆማል። አዳቃዮች ዝርያ ሲለቁ «ምርቱ ይሄን ያህል ነው» እንላለን። «አጠገቡ ማን ይዘራል?» ብለን የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን?

የሠራነው

የድሮውን ዘር ማፅዳት አልሞከርንም። አንድ ጊዜ የገባ ደም በሰፌድ አይወጣም። እትዬ አዲስ ምርጥ ዘር ገዙ። ከዚያ ሁለት ነገር ተደረገ።

አንደኛው የመሀልና የዳር ጉዳይ ነው። ንብ በአቅራቢያዋ ካለው አበባ ወደሚቀጥለው ነው የምትሄደው፤ ከጎረቤት የያዘችውን ብናኝ መጀመሪያ ያገኘችው አበባ ላይ ታራግፋለች። ስለዚህ የውጭው ደም በብዛት የሚገባው ዳር ላይ ነው፤ ወደ መሀል ሲኬድ ይሳሳል። አንድ ቃዳ ትንሽ ናት፣ መሀሏም ሙሉ በሙሉ ንፁህ አይሆንም። ግን ልዩነት አለው። እትዬ ዙሪያውን አሥር አሥር እርምጃ ያህል ለእሸት፣ ለሽሮና ለአሹቅ ለዩት። ለዘር የሚቀረው የመሀሉ ብቻ ነው። አውድማም ላይ መሀሉ ቀድሞ ይወቃል።

ሁለተኛው ከበደን። ኩታ ገጠም፣ ማለትም ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ዘር አያይዘው መዝራት፣ ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለስንዴና ለኮምባይነር ነው። ለባቄላ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ጎረቤትህ ያንተኑ ዘር ከዘራ፣ ንቧ ምንም ታምጣ ምን ያንተኑ ነው የምታመጣልህ። ስለዚህ በቀኝና በላይ ያሉትን ጎረቤቶች አናገርን። አንደኛዋ ወዲያው እሺ አሉ። የላይኛው «ዘሩን ከሰጣችሁኝ» አሉ፤ ተሰጣቸው። የታችኛው ጎረቤት ግን እምቢ። ያባቴን ባቄላ አልጥልም አሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ልጫናቸው አልፈለግሁም። የተመለሰውን የእትዬን ቅይጥ ውሃ የሚተኛበት የማሳው ጥግ ላይ ዘርተነው ነበር፤ አዲሱ ምርጥ ዘር ቢጫ ሆኖ ሲቀር ቅይጡ ቆመ። ያ ጥንካሬ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። አገራችን በባቄላ ዓይነት ሀብታም የሆነችው እንዲህ ያሉ እምቢተኞች ስላሉ ነው። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም የሰበሰበውም ከእንዲህ ያለ ጎታ ነው። አዳቃይ ነገ በሽታ ሲመጣ የሚሮጠው ወደዚያ ነው።

መጨረሻ ላይ መላውን ያመጡት እትዬ ናቸው። የታችኛው ጎረቤት ከባህር ዛፉ ማዶ ሌላ ገብስ የሚዘሩበት መሬት አላቸው። «አያ፣ ገብሱን ወዲህ፣ ባቄላውን ወዲያ ቢያደርጉትስ? ገብስ ከባቄላ አይጋባ!» አሏቸው። ጎረቤቱ አሰቡበት። «ለገብሱ ደግ ነው፣ ባቄላ የከረመበት መሬት ነው» አሉ። ከዚያ ለማካካሻ አንድ ቁና ማር ጠየቁ። ግማሽ ተሰጣቸው።

ይሄን ስጽፍ የዘንድሮው ባቄላ ተወቅቶ ገብቷል። ገዢው ገና አልመጣም። ባለፈው ሳምንት ስሄድ እትዬ ቤት ግድግዳው ሥር ሁለት ማዳበሪያ ቆሟል። አንዱ ላይ በከሰል «መሀል» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ «ዳር»። የዳሩ ተፈትቶ ከግማሽ በታች ደርሷል። ስገባ አሹቁ ተነክሮ ነበር።